ጹኬሜን የጃፓን እንጀራ በወጥ ነው ብዬ ለጥፌ ነበር

ይሄን የውይይት ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ፤ የእጄን ነው ያገኘሁት። አሁን 43 መልስ ደርሷል። አዲስ የሚገባ ሰው ሁሉን ማንበብ እየሰለቸው ያንኑ ጥያቄ መልሶ ይጠይቃል። ዛሬ እረፍት ነኝና ከመጀመሪያው ጀምሬ ላውጋችሁ። የማንንም ቃል እንዳለ አልደግምም፣ በራሴ አፍ ነው የማወራው። ቅር የሚለው ካለ ከታች ያርመኝ።

መነሻው እንዲህ ነው። ቶኪዮ ከመጣሁ ሰባት ወር ሆኖኛል። ባለፈው ቅዳሜ ምሳ ሰዓት ላይ ከሁለት ያገሬ ልጆች ጋር ጹኬሜን ልንበላ ሄድን። ጹኬሜን የራሜን፣ ማለትም በሾርባ የሚቀርበው የጃፓን ኑድል፣ ዘመድ ነው። ኑድሉ ለብቻው በሳህን፣ ሾርባው ለብቻው በትንሽ ጎድጓዳ ዕቃ ይመጣል። ከኑድሉ ትንሽ ታነሳለህ፣ ሾርባው ውስጥ ታጠቅሳለህ፣ ትበላለህ። ማታ ደግሞ አንድ ጃፓናዊ የሥራ ባልደረባዬ ተቀላቀለንና ኢዛካያ ገባን። ኢዛካያ ግማሹ መጠጥ ቤት፣ ግማሹ ምግብ ቤት ነው። ምግቡ በትንንሽ ሳህን እየሆነ መሃል ይቀመጣል፤ ሁሉም ከዚያ ያነሳል።

ቤት ስገባ ሞቅ ብሎኝ ነበርና ለጠፍኩ። ጹኬሜን ማለት የጃፓን እንጀራ በወጥ ነው አልኩ። ኢዛካያ ደግሞ የጃፓን ገበታ ነው። ስለዚህ ሐበሻ እዚህ አገር ምግብ ላይ ምንም አይቸግረውም። ከሥር አንዲት ጥያቄ ጨመርኩ፦ ኢዛካያው ያላዘዝነውን 1,600 የን ለምን አስከፈለን?

1ኛው መልስ ሰጪ ጨዋ ነው። ሰላምታውን አስቀድሞ በሐሳቤ ተስማማ። እሱም የመጀመሪያ ቀን ያ ወፍራም ቡናማ ሾርባ ሲመጣለት ሽሮ ትዝ ብሎት እንደነበር አወራ። 2ኛዋ ግን ጠርጣራ ናት። ለመሆኑ እንዴት አድርጋችሁ ነው የበላችሁት ብላ ጠየቀች።

እኔም ሞኙ በ3ኛው ላይ ሁሉን ዘረገፍኩት። በሩ ላይ የትኬት ማሽን አለ። ብር ታስገባለህ፣ ቁልፍ ትጫናለህ፣ ትንሽ ወረቀት ይወጣል። እኛ ሦስት ሰዎች ሆነን ሁለት ትኬት ቆረጥን፤ ትልቁን መጠን ስለሆነ ለሦስት ይበቃል ብለን። ቤቱ አንድ ባንኮኒ ብቻ ነው፣ ዘጠኝ ወንበር። ተደርድረን ተቀመጥን። ኑድሉ መጣ። እያንዳንዱ ክር የጫማ ማሰሪያ ይወፍራል፣ ውሃ እንደነካው ያብረቀርቃል፣ ሲነኩት ቀዝቃዛ ነው። ሾርባው ከጎኑ ይፈላል። ላዩ ላይ የተፈጨ ደረቅ ዓሣ ተነስንሷል። እኔ ምን አደረግኩ? ሾርባውን አነሳሁና ኑድሉ ላይ ገለበጥኩት። ወጥ እንጀራ ላይ አይደል የሚወጣው? ምግብ አብሳዩ እጁ ላይ ያለውን ጭልፋ እንደያዘ ቀረ። ምንም አላለም። እኔ ደግሞ ዝም ማለቱን እንደ ጨዋነት ቆጥሬ መሃል ላይ አድርጌ ሦስታችንም እንድንበላ ሳህኑን ገፋሁት። ያኔ ነው አንዱ ሠራተኛ መጥቶ በፈገግታ ግድግዳው ላይ ያለውን ጽሑፍ ያሳየን። ለአንድ ሰው አንድ ትኬት። ሦስተኛውን ቆረጥን።

ይሄን ጽፌ ሳልጨርስ 4ኛው ወረደብኝ። ሦስት ሰው ሆኖ በሁለት ትኬት መግባት አገር ማሰደብ ነው ብሎ ጀመረና ስለ ስደተኛ ሥነ ምግባር አንድ ገጽ ጻፈ። ትንሽ በዛ። ስድብ ስላልነበረበት ግን ዋጥኩት።

5ኛዋ ነገሩን በሒሳብ አስረዳችኝ። ወንበሩ ዘጠኝ ነው። የአንድ ሳህን ዋጋ 1,000 የን አካባቢ ነው። ጃፓኖች የ1,000 የን ግድግዳ የሚሉት ነገር አለ፤ ራሜን ከዚያ ሲያልፍ ደንበኛ ፊቱን ያጠቁራል። ስለዚህ ቤቱ የሚያተርፈው ሰው ቶሎ በልቶ ቶሎ ሲነሳ ነው። አንድ ወንበር ይዞ የማያዝዝ ሰው በደጅ የተሰለፈውን ሰው ቦታ በላ ማለት ነው። ሰው ይበላል፣ ሳህኑን ባንኮኒው ላይ ከፍ አድርጎ ይመልሳል፣ ይወጣል። ወሬ የለም። እዚህ ላይ የገበታ ነገር ከየት መጣ ብላ ጨረሰች። እውነቷን ነው፣ ያን ቀን ከኛ በቀር የሚያወራ ሰው አልነበረም።

6ኛው ለኔ የክሩ ምርጥ መልስ ነው። እንደዚህ ዓይነት ወጥ ቤት ውስጥ አራት ዓመት የሠራ ልጅ ነው። ወፍራሙ ኑድል አሥር ደቂቃ አካባቢ ይቀቀላል፤ የተለመደው የራሜን ኑድል ግን ሁለት ሦስት ደቂቃ አይሞላም። ከወጣ በኋላ በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠባል። ታጠበ ሲባል ውሃ ነካ ማለት አይደለም። በሁለት እጅ እንደ ልብስ ይታሻል። ላዩ ላይ ያለው የሚያዳልጥ ስታርች ይወጣል፣ ኑድሉም ይጠነክራል። በክረምት እጁ እስኪደነዝዝ ሲያሽ የኖረ ሰው ያንን ድካም አንድ ደንበኛ በሾርባ ሲያጥለቀልቀው ቢያይ ምን እንደሚሰማው አስቡት አለ። ሾርባው ደግሞ የተሠራው ለመጠጣት አይደለም። ከራሜን ሾርባ የበለጠ ወፍራምና ጨዋማ የሚሆነው ኑድሉ እየተጠቀሰ ትንሽ ትንሽ ብቻ ይዞ እንዲወጣ ነው። መጀመሪያ አንድ ሁለት ክር ባዶውን ብሉ፣ የስንዴውን ጣዕም ታገኙታላችሁ። ቀጥሎ ጫፉን ብቻ አጥቅሱ። ስለ መጠኑም ነገረን። ብዙ ቤት መደበኛው 200 ግራም፣ ትልቁ 300 ወይም 400 ግራም ይባላል። ይሄ ግን ሳይቀቀል ነው። ሲቀቀል ወደ አንድ እጥፍ ተኩል ይሄዳል። 400 ግራም ያዘዘ ሰው ከ600 ግራም ጋር ነው የሚፋጠጠው። እኔ እንደተፋጠጥኩት።

7ኛው ከእኔ ጋር የነበረው ጓደኛዬ ነው። ጓደኛ ተብዬ! ሾርባው ካለቀ በኋላ ተጨማሪ ወጥ ስጡኝ ብዬ እንደጠየቅኩ አወጣ። አልዋሸም።

ከ8 እስከ 11 ያለው በፍጥነት ይታለፋል። አንዷ ሾርባው መሃል ላይ ይቀዘቅዛል ብላ አማረረች። ቀዝቃዛ ኑድል የገባበት ነገር ምን ሊሆን ኖሯል? መፍትሔ ብለው ያቀረቡት ሁለት ነው። አንዱ ሲያዙ አጹሞሪ ማለት፤ ኑድሉ ከታጠበ በኋላ እንደገና ሙቅ ውሃ ውስጥ ገብቶ ይመጣል። ሁለተኛው አንዳንድ ቤት ያለ ዘዴ ነው። የጋለ ድንጋይ ይሰጡሃል፣ ሾርባው ውስጥ ስትጥለው ችስስ ብሎ ይፈላል። የወጥ ቤቱ ልጅ አጹሞሪ የሚባል ነገር እንደማይወድ አልደበቀም። ኑድሉ ይለሰልሳል፣ እርስ በርሱም ይያያዛል ባይ ነው።

በ12ኛው ላይ ጋሼ ገቡ። እዚህ አገር ሠላሳ ዓመት ኖረዋል፣ የሚጽፉት አልፎ አልፎ ነው። ሲጽፉ ግን ሁሉም ዝም ይላል። ጹኬሜን ጥንታዊ የሚመስለን ሰዎች ተሳስተናል። ያስፋፋው ሰው ያማጊሺ ካዙኦ ይባላል። ናጋኖ የተወለደ፣ ራሱ ላይ ነጭ ፎጣ የሚጠመጥም ግዙፍ ሰውዬ። ነገሩ የጀመረው ከሠራተኛ ምሳ ነው። ኑድል ሲወጣ የሚተርፈውን ክር ይሰበስቡና በኩባያ ሾርባና አኩሪ አተር ሶስ እያጠቀሱ ይበሉ ነበር። ደንበኛ አየና እኔም ይድረሰኝ አለ። ያማጊሺ ጣዕሙን አስተካከለ፤ ትንሽ ኮምጣጤ፣ ትንሽ ስኳር፣ ትንሽ ቃሪያ ገባበት። ጋሼ ራሳቸው ሂጋሺ ኢኬቡኩሮ በሚባል የቶኪዮ ሰፈር ያለው የሰውየው ቤት፣ ታይሾኬን፣ በር ላይ ተሰልፈው በልተዋል። ቤቱ በ2007 (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የማወራው) አካባቢው ሊታደስ ሲፈርስ ተዘጋ፣ በዓመቱ እዚያው ሰፈር እንደገና ተከፈተ። ሰውየው በ2015 አረፉ፤ 80 ዓመታቸው ነበር። አሠራሩን አልደበቁም፤ ሊማር ለመጣ ሁሉ አስተማሩ። ዛሬ በየከተማው ታይሾኬን የሚል ስም የምናየው በአብዛኛው ከዚያ የተነሳ ነው።

ጋሼ ግን ሁሉ የጀመረው በ1961 ነው ብለው ነበር። 13ኛው ልጅ በአክብሮት አረማቸው። 1961 ያማጊሺ የራሳቸውን ቤት የከፈቱበት ዓመት ነው። ምግቡ ለደንበኛ የቀረበው ከዚያ በፊት፣ በ1955፣ ናካኖ በሚባል ሰፈር ይሠሩበት በነበረው ሌላ ታይሾኬን ነው። ጋሼ በ14ኛው አመሰገኑት፤ ዕድሜ እኮ ነው ልጄ ዓይነት ነገር ጻፉ። ወዲያው ደግሞ ለኔ ዞሩ። ያኔ ስሙ ጹኬሜን አልነበረም፣ ሞሪ ሶባ ነበር። ሞሪ ሶባ ማለት ደግሞ የጥንቱ ቀዝቃዛ ሶባ ነው፤ ሶባ ከሚባል እህል የሚሠራ ኑድል፣ ከኤዶ ዘመን፣ ማለትም ከጥቂት መቶ ዓመታት በፊት፣ ጀምሮ በሶስ እየተጠቀሰ የሚበላው። ስለዚህ ጹኬሜን ዘመድ ከፈለግክለት ሶባ ጎረቤቱ አለልህ፣ እስከ ጎንደር መሄድ አያስፈልግህም አሉኝ። ጋሼ ሲሆኑ ስድቡም ይጣፍጣል።

ከዚያ ሲበሉ ድምፅ የማሰማት ነገር ተነሳ። በ15ኛው አንዲት ልጅ እናቷ ከአዲስ አበባ መጥተው ያየችውን ጻፈች። ሶባ ቤት ወሰደቻቸው። አጠገባቸው ያለ ሸበቶ ሰውዬ፣ ሱፍና ከረቫት የለበሰ፣ ሽርርርር አድርጎ ሳበው። እናትየው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉና የልጅቷን ክንድ ቆነጠጡ። ልጅ እያለች ሾርባ በድምፅ ስትጠጣ በማማሰያ የሚመቷት ሴትዮ ናቸው። ልጅቷ እዚህ አገር ነውር አይደለም ብላ ብታስረዳ፣ ነውር አገር አይመርጥም ብለው ዘጉት። 16ኛው ሲሳብ አየር አብሮ ስለሚገባ የሶባው ሽታ ወደ አፍንጫ ይወጣል፣ ጣዕሙ እሱ ላይ ነው አለ። 17ኛዋ ማንም እንድትስቡ አላስገደዳችሁም፣ ዝም ብላችሁ ብሉ አለች። 18ኛው የጹኬሜን ኑድል ወፍራም ስለሆነ ለመሳብ ያስቸግራል፣ ሞክሮ ሸሚዙን እንዳበላሸ አወራ። 19ኛው ሳቀ ብቻ።

20ኛው ነው ቤቱን የበጠበጠው። አንዲት መስመር ጻፈ። ያ ወፍራም ሾርባ የሚወፍረው በአሳማ አጥንት መሆኑን ታውቃላችሁ ወይ?

እውነቱን ልናገር። የአሳማ ሥጋውን አውቀዋለሁ። ከሾርባው ውስጥ ሁለት ቁራጭ አውጥቼ ጠርዝ ላይ አስቀምጬ ነበር። ተጠንቅቄያለሁ ብዬ ልቤ ሞልቶ ነው የወጣሁት። ሾርባው ራሱ ለሰዓታት ከተቀቀለ የአሳማና የዶሮ አጥንት ከደረቅ ዓሣ ጋር የሚወጣ መሆኑን ግን አላሰብኩም። ስልኬን አስቀመጥኩና ውሃ ጠጣሁ። 1ኛው፣ ያ ሽሮ ትዝ ያለው፣ ከዚያ በኋላ አልጻፈም።

ከ21 እስከ 27 ያለውን በሙሉ አልተርክም፤ ግማሹን የጻፉት ሰዎች ራሳቸው ሳይጸጸቱ አይቀሩም። አንዱ ሳያውቅ የበላ ሰው ጥፋት የለበትም አለ። ሌላው ሰባት ወር ኖሮ አላወቅኩም አይባልም አለ። ሦስተኛው ሁለቱንም ሊቃውንት ብሎ አሾፈባቸው። አንድ ሙስሊም ወንድማችን ግን ጠቃሚ ነገር ይዞ መጣ። ቶኪዮ ውስጥ ሐላል ራሜን የሚሠሩ ቤቶች አሉ። በዶሮ ብቻ የሚሠራ ሾርባ ያላቸው፣ ከአትክልት ብቻ የሚሠሩም አሉ። ዶሮ የሚል ጽሑፍ ማየት ብቻ ግን አይበቃም፤ ላዩ ላይ የአሳማ ሥጋ ሊደረግበት ይችላልና ጠይቁ አለ። የሶባ ሶስ ውስጥም ሚሪን የሚባል አልኮል ያለው የሩዝ መጠጥ ይገባል፤ የሚጠነቀቅ ይጠንቀቅ።

ከዚያ አንዷ ስለ ጾም ጠየቀች፤ ረቡዕና ዓርብ ምን ይበላል ብላ። ሶባ በሶስ ብላ ያለችው ሌላዋ ሳትጨርስ ተያዘች። ሶሱ ዳሺ አለው። ዳሺ ማለት የጃፓን ምግብ ሁሉ መሠረት የሆነ ቀጭን መረቅ ነው፤ ብዙ ጊዜ ካጹኦቡሺ ከሚባል ደርቆና ታጥኖ ከተላጨ ዓሣ ይወጣል። ዓሣው ቶፉ ላይ (የአኩሪ አተር አይብ ላይ) ይነሰነሳል፣ ዳሺው አትክልቱ ውስጥ ይገባል፣ የትም አለ። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ነገር ተነሳ ማለት ነው። አገር ቤት ያልተቋጨ ጉዳይ ቶኪዮ ላይ ሊቋጭ! አሥራ ሁለት ሰው ቢኖር አሥራ ሁለት ሐሳብ። አንዱ ነፍስ አባትህን ጠይቅ ብሎ ጮኸ፣ ሌላው የኔ ነፍስ አባት የሰዓት ልዩነት አለባቸው ብሎ መለሰ። በመሃል ግን አንድ የሚጨበጥ ነገር ተገኘ። የቡዲስት ገዳም ምግብ ሾጂን ይባላል። ዳሺው ኮምቡ ከሚባል የባሕር አረምና ከደረቀ እንጉዳይ ነው የሚወጣው። ሥጋም ዓሣም የለበትም። ዋጋው ግን ጾምን በረሃብ ለመጾም ያስገድዳል አለች የጻፈችው።

28ኛዋ እህታችን ናት ያበረደችው። ልጆች፣ ልጁ የጠየቀው ስለ 1,600 የን ነው አለች። አንዳንድ ሰው ወጥ ላይ ውሃ ጠብ የሚያደርግበትን ሰዓት ያውቃል።

ወደ ኢዛካያው እንመለስ። እንደተቀመጥን ትኩስ ፎጣ ሰጡን። ቀጥሎ ምንም ሳናዝዝ የቡና ሲኒ የምታክል ሳህን በእያንዳንዳችን ፊት ቆመች። ውስጧ በአኩሪ አተር ሶስ የተቀቀለ ጥቁር የባሕር አረም፣ ካሮት ጣል ጣል ያለበት። ጓደኛዬ ምርቃት ነው አለ፤ ሎሚ የገዛን ይመስል። በላናት። ሒሳቡ ሲመጣ 400 የን በአራት ሰው፣ 1,600 የን ተጽፏል።

29ኛው አስረዳን። ኦቶሺ ይባላል፤ ኦሳካ አካባቢ ጹኪዳሺ ይሉታል። ብዙ ቤት ከ300 እስከ 500 የን ነው። የምትከፍለው ለምግቡ ሳይሆን ለወንበሩ ነው ብለህ ቁጠረው። ጉርሻ ለአስተናጋጅ መስጠት እዚህ አገር የለም፤ አንድ ጊዜ ገንዘብ ጠረጴዛ ላይ ትቶ የወጣ ሰው አስተናጋጇ እስከ ባቡር ጣቢያ ሮጣ መልሳለታለች። 30ኛው በዚህ አልተስማማም። ያላዘዝኩትን የሚያስከፍል ቤት፣ ስሙን ቢያሳምረውም፣ ያው ነው ብሎ ተቆጣ። 31ኛዋ መካከለኛ ናት። አንዳንድ ቤት ገና ስትገባ ኦቶሺ አልፈልግም ካልክ ይቀበሉሃል፣ ከቀመስክ በኋላ ግን አይሆንም። ከዚያ ከርዕስ ውጭ አንድ ነገር ጠየቀች፦ መጨረሻ ላይ ሳህን ላይ የቀረችውን አንዷን ቁራጭ ማን በላት? ለምን እንደጠየቀች አልገባኝም ነበርና ዘለልኩት።

32ኛው ያው ጓደኛዬ ነው፣ ሁለተኛ ክህደት። የጉርሻውን ነገር አወጣ።

ካራአጌ መጥቶ ነበር፤ በአኩሪ አተር ሶስና ዝንጅብል ተዘፍዝፎ የተጠበሰ ዶሮ። አጠገቡ ግማሽ ሎሚ አለ። ኤዳማሜም አለ፤ የአኩሪ አተር እሸት ነው፣ ከነቆዳው በጨው የተቀቀለ፣ በጥርስ ጨምቀህ ፍሬውን ታስቀራለህ። እሱን እየበላን አገር ቤት የደረስን መሰለኝ። ቢራው ረዳኝና ትልቋን ካራአጌ በቾፕስቲክ፣ በመመገቢያ እንጨቶቹ፣ አንስቼ ለባልደረባዬ በል አልኩት። አፉን ይከፍታል ብዬ ነበር። እሱ ግራ ገባው። ጓደኛዬ እኔ ልቀበልልህ ብሎ በራሱ ቾፕስቲክ ያዛት። ሁለት ቾፕስቲክ፣ አንድ ዶሮ፣ አየር ላይ። ጎረቤት ጠረጴዛ ላይ ያሉ አንዲት ሴትዮ ወሬያቸውን አቆሙ። ባልደረባዬ ምንም ሳይል ትንሽ ሳህን ከሥር አስገባና ዶሮዋን እዚያ ላይ እንድንጥላት በዓይኑ አሳየን። ጣልናት።

33ኛዋ አረጋውያን መንከባከቢያ የምትሠራ እህት ናት። ረጋ ብላ ነገረችን። እዚህ አገር ሰው ሲሞት ይቃጠላል። ከዚያ ቤተሰቡ ዙሪያውን ቆሞ አጥንቱን በቾፕስቲክ ያነሳል፣ ሁለት ሰው አንዱን አጥንት አብሮ ይይዛል ወይም አንዱ ለሌላው ያቀብላል፣ ማሰሮ ውስጥ ይገባል። ከቾፕስቲክ ወደ ቾፕስቲክ የሚቀባበሉት ያን ቀን ብቻ ነው። እሷ ስትንከባከባቸው የነበሩ ሴትዮ ሲያርፉ ልጆቻቸው ጠርተዋት ቆማ አይታለች። ከዚያ ወዲህ ቾፕስቲክ ስትይዝ እጇ ይጠነቀቃል። ቾፕስቲክ ሩዝ ላይ ቀጥ አድርጎ መትከልም እንዲሁ ነው፤ ለሞተ ሰው የሚቀርብ ሩዝ ነው እንደዚያ የሚደረገው። መስጠት ስትፈልጉ የሰውየው ሳህን ላይ አስቀምጡለት። በቃ።

34ኛው ግን ማን አስቆመው። ጉርሻ ባህላችን ነው፣ አናፍርበትም ብሎ ተነሳ። ማንም እፈሩ አላለውም። 35ኛዋ በእጅ ነው ጉርሻ፣ በእንጨት የሚያጎርስ ሐበሻ የት አየህ ስትለው ዝም አለ። ይቺን መልስ ሁለት ጊዜ አነበብኳት።

በ36ኛው ላይ ኦሳካ የሚማር ልጅ የ31ኛዋን ጥያቄ ፈታልን። እነሱ ዘንድ ሳህን ላይ የምትቀረው የመጨረሻዋ ቁራጭ ስም አላት። ኤንርዮ ኖ ካታማሪ ይሏታል፤ ይሉኝታ ተሰብስቦ አንድ ቁራጭ ሲሆን ማለት ነው። ሁሉም ያያታል፣ ማንም አይነካትም። እኔ ይሉኝታ የሚለው ቃል ለኛ ብቻ የተሰጠ ይመስለኝ ነበር። ልጁ ካራአጌ ላይ ሳይጠየቅ ሎሚ የሚጨምቅ ሰው ጃፓንን ለሁለት እንደሚከፍልም ጨመረ። ግማሹ ጥርት ያለው ቅርፊት ይርሳል ብሎ ይናደዳል። ሎሚውን የጨመቀው ማን እንደሆነ መናገር አይጠበቅብኝም።

37ኛው ሒሳቡን አየው። 11,440 የን፣ 10 ከመቶው ታክስ ጭምር። ለአራት 2,860 የን እኩል ተከፈለ፤ ዋሪካን ይሉታል። ሻይ ብቻ የጠጣው ጓደኛችን ቢራ ከጠጣው ጋር እኩል ከፈለ። ይሄ ፍትሕ ነው ወይ የሚል ክርክር ሊጀመር ሲል ጋሼ አንድ ነገር ጻፉ። እሳቸው ሂሳብ እኔ ልክፈል ብለው ከጃፓናዊ ጓደኛቸው ጋር እጅ ለእጅ ሲታገሉ አስተናጋጇ ጠብ መስሏት ባለቤቱን ጠርታለች። ባለቤቱ ሽማግሌ ነው፤ ከየት ነህ አላቸው፣ ከኢትዮጵያ ሲሉት አበበ ብሎ ተነሳ። በ1964 ልጅ ሆኖ መንገድ ዳር ቆሞ አበበ ቢቂላ ሲያልፍ አይቷል። ጠቡ ቀርቶ ሳኬ ተቀዳ።

ከዚያማ ነገሩ ወደ ካጹሺካ ሄደ። ያገራችን ሰው የሚበዛበት የቶኪዮ ክፍል ነው። እንጀራ የት ይገኛል፣ ጤፍ ማን ያመጣል፣ ክትፎ የቱ ጋ ይሻላል። 38ኛውና 39ኛው እዚያው ቀሩ።

40ኛዋ የተረፈውን ሾርባ ምን ላድርገው ብላ ጠየቀች። የወጥ ቤቱ ልጅ ተመልሶ መጣ። ኑድሉ ሲያልቅ ሱፑ-ዋሪ በሉ። ቀጭን ትኩስ ዳሺ ይጨምሩበታል፣ ያኔ የሚጠጣ ሾርባ ይሆናል። እኔ ያን ቀን ተጨማሪ ወጥ ስጡኝ ከምል ይሄን ማለት ነበረብኝ። ሶባ ቤትም ሶባው የተቀቀለበትን ውሃ አምጥተው ሶሱ ላይ ይጨምሩልሃል፣ ሶባዩ ይሉታል። አንዷ ይሄማ በረካ ነው አለች፤ አቦል ኑድሉ፣ በረካ ሾርባው። ደስ አለኝ፣ አንድ ደጋፊ አገኘሁ። 41ኛው ወዲያው በረካ ሦስተኛ ነው፣ ቶናው የታለ ብሎ አበላሸብን።

42ኛው ቀልድ አይደለም፣ አስምሩበት። ሶባ አለርጂ ያለበት ሰው ሊሞት ይችላል። ጃፓን ውስጥ በታሸገ ምግብ ላይ የግድ መጻፍ ካለባቸው የአለርጂ ዓይነቶች አንዱ ነው። እኛ አገር የሶባ እህል አንበላምና አለርጂ እንዳለብህ የምታውቀው እዚህ መጥተህ ነው። ኡዶን (ወፍራም የስንዴ ኑድል) ብቻ ነው የምበላው ማለትም አያድንም፤ ብዙ ቤት ሁለቱንም በአንድ ውሃ ይቀቅላል።

43ኛዋ ያችው 31ኛዋ ናት። እስካሁን አልመለስክልኝም አለችኝ። እሺ። የመጨረሻዋ ካራአጌ ሳህኑ መሃል ላይ ቀርታ ነበር፣ የተጨመቀው ሎሚ አጠገቧ። እኔ ለጓደኛዬ ብላ አልኩት። እሱ አንተ ብላ አለኝ። በሞቴ አልኩት። በሞቴ አለኝ። ባልደረባዬ ስልኩን ማየት ጀመረ። አስተናጋጇ መጣችና ጎንበስ ብላ አንድ ነገር ጠየቀችን። ሁለታችንም አልገባንም፤ ሁለታችንም ራሳችንን ነቀነቅን። ሳህኑን አንስታ ሄደች።